የግል ረዳት ስትቀጥሩ
አዲስ አበባ ውስጥ ለአካል ጉዳተኛ ረዳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ደላላ ዘንድ ነው፡፡ ደላላው ግን የሚያውቀው የቤት ሠራተኛ ነው፤ ስለ ወጥና ስለ ልብስ አጠባ ያወራል፡፡ እኔ በዊልቸር የምንቀሳቀስ በመሆኔ ጥያቄዬ ሌላ ነው፡፡ ከአልጋ ሲያወርደኝ መጀመሪያ የዊልቸሩን ፍሬን ይይዛል? ተኝቼ ስውል በየ2 ሰዓቱ ያገላብጠኛል? (ይህ ከቀረ ገላ ይቆስላል፡፡) ሲያጥበኝስ በር ይዘጋል? ይህን ተያዥ አይነግራችሁም፤ ደመወዙ የሚከፈልበት የአንድ ሳምንት ሙከራ ግን ያሳያችኋል፡፡

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቤት ውስጥ የሚሰጥ የግል አገልግሎት ቅጥርን አይመለከትም፡፡ ስለዚህ ደመወዙ፣ የዕረፍት ቀኑ፣ በተለይም የሌሊት ጥሪው በጽሑፍ ይቀመጥ፡፡ ቀን ሲያነሳኝ የዋለን ሰው ሌሊትም በነጻ ብቀሰቅሰው አይቆይም፡፡ ሳይነግረኝ የሄደ ቀን ደግሞ እኔ ከአልጋ አልወርድም፤ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያም አብሮ ይጻፍ፡፡