የሦስት ዓመቱ ልጅና ወስፌው

ከልጅነቱ አንድ ጠባሳ ይዞ ያልወጣ ሰው ጥቂት ነው። አንዱ ከዛፍ ወድቆ የተሰበረው ክንዱ ብርድ ሲመጣ ይጠዘጥዘዋል፤ ሌላው ጓደኛው የወረወረው ድንጋይ ምልክት ግንባሩ ላይ ቀርቷል፤ ሦስተኛው ፍም ሊጨብጥ ሞክሮ ያቃጠለውን መዳፉን ያሳየናል። ካደግን በኋላ ይህን ሁሉ የምንተርከው እየሳቅን ነው። መሳቅ የቻልነው ግን አደጋው በአንዲት ጣት ስፋት ስቶን ስላለፈ ብቻ ነው። ድንጋዩ ትንሽ ዝቅ ቢል ኖሮ የሚያገኘው ዐይን ነበር። የዛሬው ጽሑፌ አደጋው ስላልሳተው ስለ አንድ ልጅ ነው።

ሰፌድና መሶብ የሚሰፉ እናቶች፣ ወስፌያቸውን ለአፍታ መሬት ካኖሩ የልጅ እጅ ወዲያው እንደሚደርስበት ያውቃሉ። ስለዚህ ሥራቸውን ሲያቆሙ ከስፌቱ ላይ ሰክተው ከፍ ካለ ቦታ ያስቀምጡታል። ልጁ ወስፌውን የሚያነሣው ለክፋት አይደለም፤ እናቱ የምትሠራውን እሱም ሊሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 ዓ.ም.፣ ከፓሪስ በስተምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኩፕቭሬ በተባለች የፈረንሳይ መንደር የሆነውም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ሲሞን ረኔ ብሬል የፈረስ ኮርቻና ልጓም ሠሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ዓ.ም. የተወለደው የመጨረሻ ልጁ ሉዊ ያደገው ከቆዳና ከስለት መካከል ነው። ሦስት ዓመት ሞልቶት ሳለ አንድ ቀን ከአባቱ ሥራ ቤት ገብቶ ቁራጭ ቆዳና ወስፌ አነሣ። አባቱ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ ቆዳውን ሊበሳ ሲጫን፣ ሹሉ ብረት አዳልጦ አንድ ዐይኑን ወጋው።

በዚያ ዘመን ቁስል ለምን እንደሚመረቅዝ የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም፤ የጀርሞችን ምሥጢር ለዓለም የገለጠው ሉዊ ፓስተር እንኳ የተወለደው ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። የተወጋው ዐይን መረቀዘ፤ ሕመሙም ወደ ጤነኛው ዐይን ተሻገረ። ሉዊ አምስት ዓመት ሲሆነው ሁለቱም ዐይኖቹ ጠፍተው ነበር።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ብዙዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ወደ ክብሩ ይቸኩላሉ። «ባይወጋ ኖሮ ያንን ፊደል ባልፈጠረ፤ ሁሉም ለበጎ ነው» ይላሉ። እኔ ይህን ለመቀበል ይከብደኛል። ወስፌው ወሰደ እንጂ የሰጠው ነገር የለም። በዚያው ዘመን በየመንደሩ ዐይናቸው የጠፋ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ የብዙዎቹ ዕጣ ከቤት ጥግ መቀመጥ ወይም በየመንገዱ መለመን ነበር። በሉዊ ቁስልና በሉዊ ፊደል መካከል የቆሙት ሰዎች ናቸው።

አባቱ ምርኩዝ ቀርጾ ሰጠው፤ በእንጨት ላይ ምስማር እየመታም የፊደላትን ቅርጽ በጣቱ እንዲዳስስ አስተማረው። ያንን ሁሉ ምስማር ሲመታ በልቡ ምን ያመላልስ እንደ ነበር፣ ልጁ የተጎዳበት አባት ይገምት። የመንደሩ ቄስ ዣክ ፓሊዊ ልጁን አቅርበው አስተማሩት፤ መምህሩ አንትዋን ቤሽሬም ከሚያዩት ልጆች እኩል ከክፍል አስቀመጡት። አንዳቸውም «እጅህን ሰብስበህ ተቀመጥ» ብለው አልፈረዱበትም።

እ.ኤ.አ. በ1819 ዓ.ም.፣ በዐሥር ዓመቱ፣ ቫላንታን አዊ በፓሪስ ከመሠረቱት የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ የነበሩት መጻሕፍት የላቲን ፊደላት ጎላ ብለው የታተሙባቸው፣ እጅግ ትልልቅና ከባድ፣ በጣት ሲነበቡም አዝጋሚ ነበሩ። ተማሪው በዚህ መንገድ ቀስ ብሎ ያነብ ይሆናል እንጂ ያሰበውን በራሱ እጅ ጽፎ መልሶ ሊያነበው አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1821 ዓ.ም. የቀድሞው የመድፈኛ መኮንን ሻርል ባርቢዬ የፈለሰፉት፣ በጎበጡ ነጥቦች የሚጻፍ ዘዴ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። ዘዴው ዐሥራ ሁለት ነጥብ የነበረው ሲሆን ድምፅን እንጂ ትክክለኛውን የቃል አጻጻፍ አያሳይም ነበር፤ ለአንድ ጣት ጫፍም በዛ። ሉዊ ነጥቦቹን ወደ ስድስት አወረዳቸው። ከስድስቱ ነጥቦች ስድሳ ሦስት ምልክቶች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱም በአንድ ንክኪ ይነበባል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1824 ዓ.ም. መልክ ሲይዝ ፈጣሪው ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነበር።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ አበው። የትምህርት ቤቱ ሹማምንትም እንዲሁ ያሰቡ ይመስላል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1829 ዓ.ም. ቢታተምም፣ ተማሪዎቹ ቢወዱትም፣ ለተወሰነ ጊዜ እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ትምህርት ቤቱ በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1854 ዓ.ም. ነው። ሉዊ ብሬል ግን ከሁለት ዓመት በፊት፣ በአርባ ሦስት ዓመቱ፣ በሳንባ ነቀርሳ ሞቶ ነበር።

ዛሬ ያ ፊደል ከእኛም ዘንድ አለ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላችን በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ስድሳ ሦስት ምልክት ለዚህ እንዴት ይበቃል? መላው ቀላል ነው፤ ተነባቢው ለብቻ፣ አናባቢው ለብቻ ይጻፋል። በዚህም ዐይነ ስውራን ተማሪዎቻችን አማርኛን በጣታቸው ያነባሉ። የሚጽፉበት መሣሪያም ከወስፌ ብዙ የማይለይ ሹል ብረት ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጉ ይጽፉና ወረቀቱን ገልብጠው ከግራ ወደ ቀኝ ያነባሉ። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ ለመዳን አስቦ አያውቅም፤ ለመጉዳትም አላሰበም።

ስለዚህ እናቶቻችን ወስፌውን ከፍ አድርገው ማኖራቸው ደግ ነው፤ እኔም ከነሱ ወገን ነኝ። ልጁ ግን አንድ ቀን ደርሶበት ቢጎዳ፣ ከቁስሉ በኋላ የምንለው ቃል ከቁስሉ ሊብስ ወይም ሊያሽር ይችላል።

በሞተ በመቶ ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም.፣ ፈረንሳይ የሉዊ ብሬልን ዐፅም ከመንደሩ አንሥታ ታላላቆቿ ወደሚያርፉበት ወደ ፓሪሱ ፓንቴዮን ወሰደች። የኩፕቭሬ ሰዎች ግን ሁሉንም አልሰጡም። ያንን ወስፌ ያነሡት፣ በኋላም ስድስቱን ነጥቦች ያገኙት እጆቹ እስከ ዛሬ በመንደሩ መካነ መቃብር ናቸው።