የአቫሎኑ ጢሰኛ

ሚሲሲፒ ጆን ኸርትን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? ኑሮው የሰው መሬት ማረስ ነው፤ ጊታር የሚጫወተው ማታ ማታ፣ ጎረቤት ጭፈራ ሲኖር ነበር።

በ1928 (እ.ኤ.አ.) ኦኬ የተባለው የሸክላ ኩባንያ ሜምፊስና ኒውዮርክ አስጠርቶ አስቀረጸው። ኒውዮርክ ሳለ አገሩ ናፈቀውና ስለ መንደሩ ስለ አቫሎን ብሉዝ ጻፈ። ሸክላው ብዙም አልተሸጠ። ሰውዬው ወደ እርሻው ተመለሰ፣ ለሰፈሩ ሰው መጫወቱን ግን አልተወም።

በ1963 ቶም ሆስኪንስ የሚባል ነጭ ወጣት ያንን ዘፈን ሰምቶ፣ አቫሎንን አሮጌ ካርታ ላይ ፈልጎ በሩን አንኳኳ። ኸርት የኤፍቢአይ ሰው መስሎት ደነገጠ (በዚያ ዘመን ሚሲሲፒ ላይ ማን አይደነግጥ!)። የራሱ ጊታር እንኳ አልነበረውም። ሲሰጡት ግን ጣቶቹ አልረሱም። በዚያው ዓመት ኒውፖርት ላይ ተጫወተ፤ ሦስት ዓመት ቆይቶም አረፈ።

ሁሉም የሚያወራው ስለ መገኘቱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን መሀል ላይ ያሉት፣ ማንም ያልቀረጻቸው 35 ዓመታት ናቸው።