ከሐረጎ ቁልቁለት እስከ ኮከቡ፦ ያገለገለ መኪና አመራረጥ በደሴና በኮምቦልቻ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ጉባኤ እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ደኅንነት ምን ይጠይቃል? ምንስ ሳይጠይቅ ይቀራል? ጉዳዩ የደላላ ወሬ ቢመስልም እኔ የምጀምረው ከሐረጎ መንገድ ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ይህን ሁሉ ከፍታ የምንወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ከያዘ በኋላ ከአስመራ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው ጎዳና ለከባድ መኪና ተበጀ፤ ከአሰብ የሚመጣውም ኮምቦልቻ ላይ ገጠመው። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ ከጣሊያን እጅ የወጣችውም የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ይህንኑ ተራራ ከኮምቦልቻ በኩል ተዋግተው ከወጡ በኋላ ነው። መኪና ወደዚህ አገር በብዛት የገባው እንግዲህ ስንቅና ጥይት ሊሸከም ነው። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቦሎ የምንላቸው ቃላት የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው። ሁሉም ስለ ማሽኑና ስለ ወረቀቱ ይናገራሉ፤ ስለ ተሳፋሪው ገላ የሚናገር ቃል ከመካከላቸው አላገኘሁም።

ሕዝቡ ግን የራሱን ምዘና አላጣም። ኢሱዙ የጭነት መኪናን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ቀልደኛ ብቻ አይደለም፤ አስከሬን ያነሳ ሰውም ነው። እነዚህን ስሞች እኔ የአገራችን የመጀመሪያ የደኅንነት ደረጃ አድርጌ እቆጥራቸዋለሁ። ጉድለታቸው መኪናው ሌላውን እንዴት እንደሚገድል እንጂ የራሱን ተሳፋሪ እንዴት እንደሚያተርፍ አለመናገራቸው ነው።

ያንን የሚናገረው ኮከቡ ነው። ራልፍ ናደር የአሜሪካን መኪና አምራቾች የከሰሰበትን መጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። አሜሪካ መኪናን ከግድግዳ ጋር እያላተመች ውጤቱን ለገዢ ማሳወቅ የጀመረችው በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ የአውሮፓው ዩሮ ኤንካፕ የመጀመሪያ ውጤቱን በ1997 አወጣ። «ዲኤክስ» የምንላት የ1980ዎቹ ኮሮላ ስለዚህ ከአውሮፓው ምዘና ትቀድማለች፤ በዚያ መዝገብ ኮከቧን የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ግሎባል ኤንካፕ ያደረገው አንድ ሙከራ ግን ለእኛ በቀጥታ የተሠራ ይመስለኛል። በአውሮፓ ያገለገለ የ2015 ናቫራ ፒክአፕ ለአፍሪካ ገበያ ከተሠራ አዲስ ኒሳን ሃርድቦዲ ጋር ተላተመ። መርማሪዎቹ የአዲሱ መኪና ሹፌር ሊሞት፣ የአሮጌው ግን ሊተርፍ እንደሚችል ደመደሙ። ሁለቱንም የሠራው አንድ ኩባንያ ነው፤ የለያያቸው የተሠሩለት ገበያ ነው።

ይህን ከሕጋችን አጠገብ አስቀምጡት። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪናን የመዘነው በሞተሩ መጠንና በዕድሜው ነው። ዕድሜን መቅጣቱ ምክንያት አለው፤ አሮጌ ፍሬን በሐረጎ ላይ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ነገር ግን ዕድሜ የቆርቆሮን ጥንካሬ አይነግረንም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል፣ ቀድሞ የገቡት ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጋገሩ እንዲቆዩ ተፈረደባቸው። የዛሬ ተማሪ ነገ የሚገዛው አባቱ የነዳውን ሊሆን ይችላል።

ኮከብን እንደ ታቦት አንሳለመው። ምዘናው የሚያገለግለው ለተመዘነው ዓመትና ለተመዘነው አሠራር ብቻ ነው። ፊት ለፊት የመላተም ውጤትም በክብደት የሚቀራረቡ መኪኖችን ያወዳድራል፤ ባለ አምስት ኮከብ ትንሽ መኪና ከወደብ ጭኖ ከሚመጣ ተሳቢ ጋር ቢጋጭ ኮከቡ ብዙም አይጠቅመውም። ዕቃ ለመጫን የተሠራ ሚኒባስ በኋላ ወንበር ከተበየደለት፣ ወይም መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ከተዛወረ፣ የተመዘነው ሌላ መኪና ነው ማለት ነው።

ይህን የተማርሁት በራሴ ገንዘብ ነው። ከዓመታት በፊት እዚሁ ደሴ አንዲት ያገለገለች መኪና ገዛሁ። ኮከቧን አስቀድሜ አይቼ ነበር፤ አራት ነበራት። ከወራት በኋላ መካኒኩ ዳሽቦርዱን ሲፈታው የኤርባጉ አምፖል ሆን ተብሎ ተነቅሏል፤ ከመሪው ሽፋን ሥርም ባዶ ቦታ እንጂ ኤርባግ አልነበረም። ከዚያ በፊት ልጆቼን ይዤ ሐረጎን ስንት ጊዜ እንደወረድሁ መቁጠር ጀምሬ ተውሁት።

ስሸጣት ጉድለቷን በውሉ ላይ በጽሑፍ አሰፈርሁ። ገዢው ወጣት አነበበው፤ መኪናዋን ዞሮ በሮቿን በጣቱ መታ መታ አደረገና፣ «ጋሼ፣ ቀለሟ ግን አልተነካም አይደል?» አለኝ።