ከሥራ ሲሰናበቱ የሚገኝ ገንዘብና አጠቃቀሙ

ከግል ድርጅት የተሰናበተ ሰው ወጪውን ከማቀዱ በፊት የሚገባውን ክፍያ ማስላት ይኖርበታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ለጡረታ ያልደረሰ ሠራተኛ ድርጅቱ ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ ሲቀነስ የሥራ ስንብት ክፍያ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲኾን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ ሲሶ ይታከላል፤ በእነዚህ ኹለት ምክንያቶች ለተሰናበተ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። በደብረ ታቦር በወር 6 ሺህ ብር እየተከፈለው 4 ዓመት የሠራ ሰው በቅነሳ ቢሰናበት ከግብር በፊት 24 ሺህ ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት።

ይህ ገንዘብ ለንግድ መነሻ ይመስላል፤ ነገር ግን በወር 4 ሺህ ብር ለሚያወጣ ቤተሰብ የ6 ወር ቀለብ ብቻ ነው። ስንብቱ ከአዝመራ በኋላ ከኾነ የክረምቱን እህል አስቀድሞ መሸመት፣ በሐምሌና ነሐሴ በጣሳ ከመግዛት ይሻላል።

የእቁብ ዕጣ ያልደረሰው ሰው ከዳኛው ጋር ተነጋግሮ ሊወጣ ይችላል። ዕጣውን የበላ ግን ቀሪውን መዋጮ ከስንብት ክፍያው ላይ አስቀድሞ መነጠል ይገባዋል፤ አለዚያ ዕዳው በዋሱ ላይ ይወድቃል። እድርን ለማቋረጥ መቸኮል አይገባም፤ የወር መዋጮው ትንሽ ነው፣ ቤተሰቡ ሐዘን ቢገጥመው ግን ወጪውን ብቻውን መሸከም አይችልም።