ድንበርና የዘይት ቧንቧ በሁለቱ ሱዳኖች መካከል

ጁላይ 9 ቀን 2011 ዓ. ም. ደቡብ ሱዳን ራሷን የቻለች መንግሥት በሆነች ጊዜ ሁለቱ ወገኖች ሕዝቡንና መሬቱን ተካፈሉ፤ ሊካፈሉት ያልቻሉት ግን አንድ ነገር ነበረ። ይኸውም ከደቡቡ የነዳጅ ጕድጓዶች ተነሥቶ፥ የሰሜኑን ምድር አቋርጦ፥ በቀይ ባሕር ዳር እስከ ፖርት ሱዳን የሚደርሰው ቧንቧ ነው። ከቀድሞዋ ሱዳን ድፍድፍ ዘይት ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህል የሚቀዳው በደቡብ ነበር፤ ማጣሪያውና ወደቡ ግን በሰሜን ቀሩ። ስለዚህ ደቡቡ ያለ ሰሜኑ ዘይቱን ሊሸጠው፥ ሰሜኑም ያለ ደቡቡ ቧንቧውን ሊሞላው የማይችል ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ክርክር የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ በርሚል ማለፊያ ስንት ይከፈል በሚለው ላይ ነው። እንደሚመስለኝ ግን የዋጋው ጉዳይ ከድንበሩ ጉዳይ ተለይቶ ሊታወቅ አይችልም፤ ይህንንም ለማስረዳት ዘይት ከመገኘቱ በፊት ወደ ነበረው ዘመን ጥቂት መመለስ ያስፈልጋል።

በ2005 ዓ. ም. የተፈረመው የሰላም ውል ሰሜንንና ደቡብን የሚለየው ወሰን፥ ሱዳን ነፃነቷን ባገኘችበት በጃኑዋሪ 1 ቀን 1956 ዓ. ም. የነበረው የክፍላተ ሀገር ወሰን እንዲሆን ወስኗል። ያን ወሰን ያሰመሩት የእንግሊዝ ሹማምንት ሲሆኑ፥ ያሰመሩትም መንግሥታትን ለመለየት ሳይሆን ለግብር፥ ለዳኝነትና ለከብት ግጦሽ ብለው ነበር። በ1905 ዓ. ም. ዘጠኙ የንጎክ ዲንካ ጐሣዎች ከባሕር ኤል ጋዛል ተነሥተው ለኮርዶፋን ግዛት ተሰጡ፤ የአብዬ ጥያቄ የተወለደው ያን ጊዜ ነው። በ1924 ዓ. ም. ደግሞ የዳርፉርና የባሕር ኤል ጋዛል ገዢዎች ተገናኝተው፥ የሪዘይጋት ከብት አርቢዎች ከወንዙ ወደ ደቡብ እስከ 14 ማይል ድረስ እንዲያግጡ ተስማሙ። ያን ወንዝ ዐረቦቹ ባሕር ኤል ዐረብ፥ ዲንካዎቹ ኪር ይሉታል። በበጋ ሪዘይጋትና ሚሴሪያ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ክረምት ሲገባ ይመለሳሉ። እንግዲህ መሥመሩ እንደ በር እንጂ እንደ ግንብ አልታሰበም ነበር። በማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ዕጩ መምህራን በካርታ ላይ ያለ ወሰን ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላቸዋልና፥ መሥመሩን ማን፥ በምን ዘመን፥ ለምን ጉዳይ እንዳሰመረው አስቀድመው እንዲጠይቁ ማልመድ ይገባል።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካው ሼቭሮን ኩባንያ በቤንቲዩ አካባቢ ዘይት አገኘ። በ1972 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል ለደቡቡ የራሱን አስተዳደር ሰጥቶት ነበር፤ በ1980 ዓ. ም. ግን የካርቱም መንግሥት ዘይት ያለበትን ምድር ወደ ሰሜን የሚያዛውር አዲስ ወሰን አሰበ፤ ደቡባውያን አጥብቀው ስለ ተቃወሙ ሐሳቡ ተተወ። ማጣሪያውም በቤንቲዩ መሆኑ ቀርቶ በሰሜን በኮስቲ እንዲሠራ ታቀደ። በ1983 ዓ. ም. ለተነሣው ጦርነት ብዙ ምክንያቶች ቢኖሩትም ከእነርሱ አንዱ ይህ ነው። በ1984 ዓ. ም. ታጣቂዎች የኩባንያውን ሠራተኞች ገደሉና ሼቭሮን ሥራውን አቆመ። ዘይቱ ወደ ባሕር የደረሰው በ1999 ዓ. ም. ሲሆን፥ የቻይና፥ የማሌዢያና የካናዳ ኩባንያዎች ከሱዳን መንግሥት ጋር ተባብረው 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቧንቧ ዘርግተው ነበር። ሥራው በጦርነት መካከል ስለ ተሠራ፥ በጕድጓዶቹ ዙሪያ የነበሩ ብዙ የኑዌርና የዲንካ መንደሮች ባዶ ሆኑ።

የ2005ቱ ውል ከደቡብ ዘይት የሚገኘው ገቢ ለሁለቱ ወገኖች እኩል እንዲከፈል አዝዞ ነበር። ነፃነት ሲታወጅ ይህ አበቃ። ካርቱም ለአንድ በርሚል ማለፊያ 36 ዶላር ጠየቀች፤ ጁባ አንድ ዶላር እንኳ የማይሞላ አቀረበች። እንዲህ የተራራቁ ሁለት ቍጥሮች ከሒሳብ ሊወጡ አይችሉም፤ አንደኛዋ የቀረባትን ገቢ፥ ሁለተኛዋ ያለፈባትን በደል ታስቈጥር ነበር። ካርቱም ያልተከፈለኝን ነው ብላ ከሚያልፈው ዘይት መውሰድ ስትጀምር፥ በጃኑዋሪ 2012 ዓ. ም. ደቡብ ሱዳን የዘይት ሥራዋን በሙሉ አቆመች። በቀን ይቀዳ የነበረው 350,000 በርሚል ያህል ነበር፤ ከመንግሥቱም ገቢ ከመቶ 98 ያህሉ የሚገኘው ከዚሁ ነበር። የገዛ ጓዳውን በገዛ እጁ የዘጋ መንግሥት ብዙ አይገኝም። በማርች 2 ቀን ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር፥ የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪና የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በላሙ ተገኝተው የአዲሱን ወደብና የመገናኛ መሥመር ሥራ መረቁ፤ ነገር ግን መሠረት ከመጣል ዘይት እስከ ማፍሰስ ያለው መንገድ ረጅም ነው።

ወዲያው ነገሩ ወደ ጦር ዞረ። ኤፕሪል 10 ቀን 2012 ዓ. ም. የደቡብ ሱዳን ጦር ሄግሊግን ያዘ፤ ይህም ስፍራ ሱዳን ከቀራት ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚቀዳበት ነበር። በ2009 ዓ. ም. በሄግ ከተማ የተቀመጡ የግልግል ዳኞች ሄግሊግን ከአብዬ ወሰን ውጭ አድርገውት ነበር። ካርቱም በዚህ ፍርድ ስፍራው የእኔ ነው አለች፤ ጁባ ግን ዳኞቹ የአብዬን ወሰን እንጂ የሰሜንንና የደቡብን ወሰን አልቈረጡም ብላ መለሰች። ደቡባውያን ስፍራውን ፓንቱ ይሉታል፤ የዐረብኛውም የዲንካውም ስም የተወሰደው በዚያ ከሚበቅለው ከአንዱ እሾኻማ ዛፍ ነው። ከዐሥር ቀን በኋላ ጁባ ጦሯን ለማስወጣት መወሰኗን አስታወቀች፤ ካርቱም ደግሞ በጦር አስለቀቅሁ አለች። የዘይቱ መሣሪያ ግን ብዙ ጕዳት ደርሶበት ተገኘ። በሜይ 2 ቀን የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ጥበቃ ምክር ቤት ሁለቱም ወደ ድርድር እንዲመለሱ በውሳኔ ቍጥር 2046 አዘዘ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለአሳቤ ዋና ምስክር ነው። በቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት በታቦ ምቤኪ አሸማጋይነት የማለፊያው ዋጋ በኦገስት መጀመሪያ ላይ ተቈርጦ አለቀ፤ በአንደኛው ቧንቧ 11 ዶላር፥ በሁለተኛው 9 ዶላር ከ10 ሳንቲም ሆነ፤ ደቡቡም በተጨማሪ ለሱዳን 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፍል ተስማማ። ዋጋው ተወስኖ ሳለ ግን ዘይቱ አልፈሰሰም። ካርቱም አስቀድሞ የድንበሩ ጸጥታ ይወሰን፥ ለሚዋጉኝ ዐማፅያን የሚሰጠው ርዳታ ይቅር ብላ ያዘች። በሴፕቴምበር 27 ቀን ፕሬዚዳንት ዑመር አል በሺርና ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር በአዲስ አበባ ውሎቹን ሲፈርሙ፥ በድንበሩ ግራና ቀኝ 10 ኪሎ ሜትር ከጦር ነፃ የሆነ ቀበሌ እንዲከለል ተስማሙ። ለዚህ የቀረበውን ካርታ ሱዳን እንዳትቀበል ለብዙ ጊዜ ያስቸገራት የ1924 ዓ. ም. 14 ማይል ነበር፤ ለግጦሽ የተሰመረው መሥመር ከ88 ዓመት በኋላ የዘይትን ቧንቧ ዘግቶ ቆመ። ዘይቱ እንደ ገና መቀዳት የጀመረው፥ ሁለቱ መንግሥታት ጦራቸውን ከድንበሩ ለማራቅ ቀን ከቈረጡ በኋላ፥ በኤፕሪል 2013 ዓ. ም. ነው። ከ2011 ዓ. ም. ጀምሮ በአብዬ የሰፈሩት የኢትዮጵያ ወታደሮች ነበሩና፥ ነገሩ ለእኛም እንግዳ አልነበረም።

በዚያው ዓመት በጁን ወር አል በሺር ደቡቡ ዐማፅያንን ይረዳል ሲሉ ቧንቧው እንዲዘጋ አዘዙ፤ ትእዛዙ ቀኑ እየተላለፈ ሳይፈጸም ቀረ። ሁለቱም ሕዝቦች ግን ዋጋውን ከፍለዋል። ደቡቡ በቍጠባ በጀት ተጨነቀ፤ በሰሜን ደግሞ በጁን 2012 ዓ. ም. የኑሮው ውድነት የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ወደ አደባባይ አወጣ።

በኤፕሪል 2023 ዓ. ም. የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል እርስ በርስ መዋጋት ሲጀምሩ፥ ስለ ማለፊያ ዋጋ የተጣላ ማንም አልነበረም። ከላይኛው ዓባይ የሚመጣው ዘይት ሰም የበዛበት ስለ ሆነ፥ በመንገድ ላይ ካልሞቀ ይረጋል። በውጊያው ቀጠና ያሉት የማሞቂያና የመግፊያ ጣቢያዎች ሥራቸውን መሥራት ባልቻሉ ጊዜ፥ በፌብሩዋሪ 2024 ዓ. ም. ቧንቧው ተሰበረ፤ የደቡቡም ዋና የዘይት ገቢ ለአንድ ዓመት ያህል ተቋረጠ። ዘይቱ እንደ ገና ሊፈስ ይችላል የተባለው በጃኑዋሪ 2025 ዓ. ም. ነው፤ በሱዳን ያለው ጦርነት ግን ያን ጊዜ ገና አልበረደም ነበር።