ልኬታዊ ማመጣጠኛ፦ የሄድፎንን ጉድለት ከነቦታው ማረም

በስልክ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው ኢኳላይዘርን ያውቀዋል። አምስት ወይም አሥር ተንሸራታቾች ይደረደራሉ፤ በስተግራ ያሉት ቤዙን፣ በስተቀኝ ያሉት ቀጭኑን ድምፅ ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ ግራፊክ ኢኳላይዘር ይባላል። ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር የሚባለው ሌላ ነው፤ ለሄድፎን ከሁሉም የሚበጀው ደግሞ እሱ ነው። በአማርኛ «ልኬታዊ ማመጣጠኛ» ልንለው እንችላለን። «ልኬታዊ» የሚያሰኘው ሦስት ልኬቶችን ለተጠቃሚው መተዉ ነው፦ የሚታረመው ድግግሞሽ የቱ ነው፣ በስንት ዴሲቤል ይነሳ ወይም ይውረድ፣ እርማቱስ ግራና ቀኝ ምን ያህል ይስፋ።

እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው የድምፅ መሐንዲስ ጆርጅ ማሰንበርግ ለኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ ነው መሣሪያው በዚህ ስም የታወቀው። ያኔ የስቱዲዮ ዕቃ ነበር። ዛሬ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኢኳላይዘር ኤፒኦ የተባለውን ፕሮግራም በነፃ መጫን ይበቃል።

ዋናው ቁም ነገር ሦስተኛው ልኬት ላይ ነው። አንድ ሄድፎን 6,000 ሄርዝ አካባቢ ጉብታ አለው እንበል። ዘፋኙ «ስ»፣ «ሽ» ወይም «ጽ» ባለ ቁጥር ጆሮን ይወጋል። በተለመደው ባለአሥር ተንሸራታች ኢኳላይዘር ላይ 6,000 የሚባል ቦታ የለም፤ ያለው 4,000 እና 8,000 ነው። ሁለቱንም ዝቅ ብናደርግ ፉጨቱ ይለዝባል፤ ነገር ግን የማሲንቆው ደጋን ጭራውን ሲፈትግ የሚሰማው ሻካራነትና የክራሩ ጥራት አብረው ይደበዝዛሉ። በልኬታዊው ማመጣጠኛ ግን 6,000 ሄርዝ፣ ቅናሽ 5 ዴሲቤል፣ ኪው 4 ብለን እንጽፋለን። ኪው የጥበት መለኪያ ነው፤ 6,000 ለ4 ሲካፈል 1,500 ሄርዝ ይሆናል፤ የእርማቱ ስፋት በግምት ይህ ነው። ኪው ከፍ ባለ መጠን እርማቱ ይጠብባል፣ ዝቅ ሲል ይሰፋል። ጉብታው ይወርዳል፣ ጎረቤቱ ብዙም አይነካም።

ጉብታውን ለማግኘት ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ወጥ ፉጨት ከ4,000 ወደ 9,000 ሄርዝ በቀስታ ማሳለፍ ነው። ድንገት የሚጮህበት ቦታ ይሰማል። የእያንዳንዳችን ጆሮ ቅርጽ ስለሚለያይ፣ በተለይ ከ8,000 ሄርዝ በላይ፣ የሄድፎኑን ድምፅ በየድግግሞሹ ከሚያሳይ የታተመ ግራፍ ይልቅ የራስን ጆሮ ማመን እመርጣለሁ።

ታዲያ ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ቢሆን ድምፁ ትክክል ይሆናል ማለት ነው? አይደለም። የጆሯችን ቦይ ወደ 2.5 ሴንቲሜትር ርዝመት ስላለው 3,000 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ በተፈጥሮው ያጎላል። ፊት ለፊታችን ካለ ስፒከር የሚመጣው ድምፅ በጭንቅላታችንና በጆሯችን ቅርጽ ተቀርጾ ነው ታምቡራችን ላይ የሚደርሰው፤ ሄድፎንም ይህንኑ መምሰል አለበት። ስለዚህ በግራፍ ላይ የሚታየውን የ3,000 ሄርዝ ከፍታ ስህተት ነው ብሎ የደፈጠጠ ሰው የዘፋኙን ድምፅ ያፍነዋል። የሃርማን ኩባንያ ተመራማሪዎች ሾን ኦሊቭና ቶድ ዌልቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት አድማጮች የመረጡት በጥሩ ክፍል ውስጥ ያለ ጥሩ ስፒከርን የሚመስል ድምፅ ነው። አውቶኢኪው የተባለው ነፃ ፕሮጀክት ለብዙ የሄድፎን ሞዴሎች የተሰሉ ልኬቶችን ያቀርባል፤ ለጀማሪ ከዚያ መነሳት ይሻላል።

ለቤዝ ሌላ ዓይነት እርማት አለ፤ ሸልፍ ይባላል። አንድን ነጥብ ብቻ ሳይሆን ከተመረጠው ድግግሞሽ በታች ያለውን በሙሉ ያነሳል። ጀርባቸው ክፍት የሆኑ እንደ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ያሉ ሄድፎኖች ጥልቁ ቤዝ ላይ ይደክማሉ፤ 105 ሄርዝ ላይ 5 ዴሲቤል ቢጨመርላቸው ከእንዚራው (አውታሮቹ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ንዝረት ጋር የበገናው ወፍራም አውታሮች ክብደትም መሰማት ይጀምራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ዲጂታል ድምፅ ከዜሮ ዴሲቤል በላይ ቦታ የለውም። 5 ዴሲቤል ከጨመርን ፕሪአምፕ የሚለውን አጠቃላይ መጠን በ5 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ አለብን፤ አለዚያ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጥና ድምፁ ይሰነጠቃል። በዚህም የተነሳ ከመጨመር ይልቅ መቀነስን ማስቀደም ይሻላል።

ማመጣጠኛው የማይፈታው ችግርም አለ። የሄድፎኑ ትራስ ካረጀ ወይም ኢርፎኑ ጆሮ ላይ በደንብ ካልገጠመ ቤዙ በክፍተቱ ይፈስሳል፤ መጀመሪያ ትራሱን ወይም የኢርፎኑን ጎማ መቀየር ነው። እርማቱን እያበሩና እያጠፉ ሲያወዳድሩም ሁለቱ እኩል መጮህ አለባቸው፤ ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን የተሻለ አድርጎ ስለሚሰማ፣ መጠኑ ሳይስተካከል የሚደረግ ንጽጽር የትኛው እንደሚሻል አይነግረንም።