ነጩና ቀዩ ባሕር ዛፍ

ባሕር ዛፍ ሲመሰገንም ሲወቀስም በአንድ ስም ነው። ወዳጁ «አዲስ አበባን ያቆመ ባለውለታ» ይለዋል፤ ጠላቱ «መሬት አድራቂ»። ይሁንና በዚህ ስም ከምንጠራቸው ዛፎች በአገራችን በብዛት የሚታወቁት ሁለት ናቸው፤ ነጭና ቀይ። የአገራችን ዶቅማም የሩቅ ዘመዳቸው ነው።

የምንተርከው ታሪክ የነጩ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ ተመናመነ። ዳግማዊ ምኒልክም በ1892 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አሰቡ። ሐሳቡን ካስቀሩት ምክንያቶች አንዱ፣ ፈረንሳዊው ሙሴ ሞንዶን ቪዳዬ በ1887 ዓ.ም. ገደማ አስመጣው የሚባለው ፈጥኖ አዳጊ ዛፍ ነው። ነጩ ባሕር ዛፍ ደጋ ወዳድ ነው። ለጋ ቅጠሉ ሰፊና ብርማ ነው፤ ጉንፋን ሲይዘን አፍልተን የምንታጠነው። ፍሬው የካፖርት ቁልፍ ያህላል።

ቀዩ የቆላ ሰው ባልንጀራ ነው። እንጨቱ ቀላ ያለ፣ ቅጠሉ ቀጭን፣ አበባው ደቃቅና ዘለላ፣ ፍሬውም ሽምብራ የሚያክል ነው። በትውልድ አገሩ በአውስትራልያ የወንዝ ዳር ዛፍ ቢሆንም፣ ካማልዱለንሲስ የተባለውን የሳይንስ ስሙን ያገኘው ግን ጣሊያን ውስጥ፣ ኔፕልስ አጠገብ ካለ የካማልዶሊ አትክልት ስፍራ ነው።

የሁለቱን ጠባይ ለመለየት እኔ ከወልድያ መርሳ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚተካከል ትምህርት ቤት አላውቅም። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ለሁለቱም ትመቻለች። በስሪንቃ በኩል ወደ መርሳ በተወረደ ቁጥር ግን ሙቀቱ ለነጩ እየከበደው፣ ቦታው የቀዩ ይሆናል።

ጉዳዩ የዕውቀት ብቻ አይደለም። ሁለቱም ከተቆረጡ በኋላ ከጉቶአቸው ያቆጠቁጣሉ፤ ለገበሬው በቁሙ ያለ ጥሪት ናቸው። ሁለቱም ውኃ በብርቱ ይጠጣሉ። ቀዩ ደግሞ ሥሩን ወደ ከርሰ ምድር ውኃ መስደድ ያውቅበታል። ሐብሩን በመሰለ፣ ሰው ማሳውንና ፍራፍሬውን ከምንጭና ከወንዝ በሚጠልፈው ውኃ በሚያለማበት አገር፣ ይህን ዛፍ ምንጭ አጠገብ መትከል ጎረቤትን ማስጠማት ነው። ሌላ እህል በማያበቅል ገደል ላይ የተተከለ እንደሆነ ግን የቀረውን የአገር ዛፍ ከመጥረቢያ ሊያድን ይችላል።

ስለዚህ «ባሕር ዛፍ ይተከል ወይስ ይነቀል?» እያልን ከመከራከራችን በፊት፣ የትኛው፣ የትስ ቦታ ብለን ብንጠይቅ ይበጃል እላለሁ።